ለዓለም ዋንጫ ትኬት ማመልከት፦ ከቪዛ እስከ ስታዲየም በር

የዓለም ዋንጫ ትኬት መስኮት ላይ ተሰልፎ የሚገዛ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ታመለክታላችሁ። ቀጥሎ ዕጣ ይወጣል። በዋናው የዕጣ ዙር ዕጣው ከደረሳችሁ ሂሳቡ ከካርዳችሁ ላይ ይቆረጣል። ብዙ ሰው ግር የሚለው የመጨረሻዋ ላይ ነው። «ለጊዜው ልሞክር፣ ከደረሰኝ ያኔ አስብበታለሁ» ብሎ ይሞላል። ያኔ ማሰቢያ ጊዜ የለም። ማመልከቻውን ስትልኩ፣ ዕጣው ከወጣ ልትገዙ ተስማምታችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ ፎርሙን ወደ መሃል አስቀምጬዋለሁ። እሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ ከእሱ በፊት የሚመጣው ነው፦ ቪዛ፣ የጨዋታ ምርጫ፣ ገንዘብ። ምሳሌዎቼን በብዛት ያመጣሁት በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ከተዘጋጀው ከ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ነው። 48 ቡድኖች፣ 104 ጨዋታዎች፣ 16 ከተሞች ያሉት ውድድር ስለሆነ የትኬት አሠራሩም ውስብስብ ነው። የአውሮፓ ዋንጫም ሆነ የአፍሪካ ዋንጫ በዝርዝሩ ይለያዩ እንጂ አካሄዳቸው ይቀራረባል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ቪዛ

ትኬት የስታዲየሙን በር እንጂ የአገሩን በር አይከፍትም። ይህን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስላል፤ ግን ትኬቱን ገዝቶ ቪዛ የተከለከለ ሰው በየውድድሩ አይጠፋም።

አንዳንድ አዘጋጆች ነገሩን አቅልለውታል። ሩሲያ በ2018 ትኬት የያዘውን ሰው ፋን አይዲ በሚባል መታወቂያ ያለ ቪዛ አስገብታለች። ኳታርም በ2022 ሀያ ካርድ ነበራት፤ ካርዱ ለአገር መግቢያም ለስታዲየም መግቢያም ያገለግል ነበር። እነዚህን ሁለት ውድድሮች ያየ ሰው ሁልጊዜ እንደዚያ የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም። በ2026 ሦስቱም አገሮች የየራሳቸውን የቪዛ ሕግ እንደያዙ ነው የቀጠሉት። ፊፋ ፓስ የተባለው አሠራር ትኬት የገዛ ሰው የአሜሪካ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ቀደም ብሎ እንዲያገኝ ያግዛል። ቀጠሮውን ያፋጥናል እንጂ ቪዛውን አያሰጥም። ጥያቄው ያው ጥያቄ ነው፤ መከልከልም አለ።

ስለዚህ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ።

1. ፓስፖርታችሁ መቼ ያበቃል? ብዙ አገሮች ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ። ማደስ ካለባችሁ አሁኑኑ አድሱ። ትኬቱንና ቪዛውን በአሮጌው ቁጥር ጀምራችሁ መሃል ላይ ፓስፖርት ብትቀይሩ ሌላ ጣጣ ይከተላል።

2. የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ የቀጠሮ ወረፋ ምን ያህል ነው? ወራት የሚያስጠብቅ ከሆነ የትኬት ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። የቪዛ ማመልከቻ ያለ ትኬትም ይገባል።

3. ውድድሩ ስንት አገር ውስጥ ነው? ይህ በደንብ መታየት አለበት። በ2026 አንዱን ጨዋታ ሲያትል፣ ቀጣዩን ቫንኩቨር፣ ሦስተኛውን መልሶ አሜሪካ ማየት የፈለገ ሰው የአሜሪካም የካናዳም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአሜሪካው ቪዛ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። በሌላ በኩል የፀና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት ሜክሲኮ ያለ ተጨማሪ ቪዛ ይገባል። በ2028 የአውሮፓ ዋንጫ አብዛኛው ጨዋታ ብሪታንያ ውስጥ ነው፤ ደብሊን ግን የአየርላንድ ሪፐብሊክ ናት፤ የራሷ የቪዛ ሕግ አላት። በ2030 የዓለም ዋንጫ ስፔንና ፖርቱጋል ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ቀጠና) ውስጥ ናቸው፣ ሞሮኮ የለችበትም።

4. ከቪዛ ሌላ የሚጠየቅ መታወቂያ አለ? በ2025ቱ የሞሮኮ አፍሪካ ዋንጫ ደጋፊው ያላ በሚባል መተግበሪያ ፋን አይዲ ማውጣት ነበረበት። እንዲህ ያለው ነገር ካለ ከትኬቱ በፊት ጨርሱት።

ቪዛ መከልከል ለትኬት ገንዘብ መመለሻ ምክንያት እንደማይሆንም እወቁት። የፊፋ ሽያጭ የመጨረሻ ነው። ከፍላችሁ መሄድ ካልቻላችሁ የሚቀራችሁ መንገድ በሕጋዊው የድጋሚ ሽያጭ ገበያ ማውጣት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የእኔ ምክር፦ ቪዛ የማግኘት ዕድላችሁ ጠባብ ከሆነ ከአንድ ጨዋታ በላይ አታመልክቱ። የአውሮፕላን ትኬትም ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ አትቁረጡ። መቁረጥ ግድ ከሆነ ገንዘቡ የሚመለስበትን ግዙ።

አካውንት መክፈት

ለዓለም ዋንጫ ዋናው የትኬት መሸጫ አንድ ነው፦ ፊፋ ዶት ኮም ላይ ያለው የትኬት ገጽ። እዚያ የፊፋ አይዲ ትከፍታላችሁ። ለአውሮፓ ዋንጫ ዩኤፋ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ካፍ የየራሳቸው ገጽ አላቸው። ጎግል ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የመጣውን አትጫኑ። ላይ ላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች የሌሎች ሻጮች ሊሆኑ ይችላሉ። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት።

ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገቡ። ስማችሁ በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት የሚጻፍ ከሆነ የፓስፖርቱን ብቻ ያዙ። የምትሰጡት ኢሜይል ሁልጊዜ የምታዩት ይሁን፤ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አይሁን። ሥራ ብትቀይሩ ትኬቱም አብሮ ይቀራል።

አካውንቱን ማመልከቻው ከመከፈቱ ቀደም ብላችሁ ክፈቱ። በመክፈቻው ቀን ገጹ ይጨናነቃል፤ የማረጋገጫ ኮዱም ይዘገያል። አንድ ሰው ሁለት ሦስት አካውንት መክፈት ዕድል የሚያሰፋ ይመስላል፤ ከተደረሰበት ግን ሁሉም ማመልከቻ ሊሰረዝ ይችላል። ይልቅ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን የደረሰ የቤተሰብ አባል በራሱ ስም ያመልክት። እሱም ቢሆን ገደብ አለው። በ2026 አንድ ቤተሰብ ለአንድ ጨዋታ ቢበዛ 4፣ ለጠቅላላው ውድድር ቢበዛ 40 ትኬት ነበር የሚፈቀድለት።

ዙሮቹን ለዩ

ትኬት በአንድ ቀን አይሸጥም። በዙር በዙር ነው። ዙሮቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ይህን ያልለየ ሰው ዕጣ ደርሶት እንኳ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ለ2026ቱ ውድድር የመጀመሪያው ዙር ከሴፕቴምበር 10 እስከ 19፣ 2025 ተከፈተ። ማመልከት የሚችለው ቪዛ የተባለው ኩባንያ የክፍያ ካርድ (የአገር መግቢያው ቪዛ አይደለም) ያለው ሰው ብቻ ነበር፤ ኩባንያው የፊፋ ስፖንሰር ስለሆነ። ሁለተኛው ዙር ከኦክቶበር 27 እስከ 31 ነበር። በሁለቱም ዙሮች ዕጣ የደረሰው ሰው ያገኘው ትኬት አልነበረም። የመግዣ ቀጠሮ ነበር። ቀንና ሰዓት ይነገረዋል፤ በዚያ ሰዓት ገብቶ ከቀረው ውስጥ ይመርጣል። በመጨረሻው ቀን ቀጠሮ የደረሰው ሰው ርካሹ ሁሉ አልቆ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ዙር ሌላ ነው። የምድብ ድልድሉ ዲሴምበር 5 ዋሽንግተን ውስጥ ከወጣ በኋላ፣ ከዲሴምበር 11 እስከ ጃንዋሪ 13፣ 2026 የቆየ ነበር። እዚህ ላይ ጨዋታውን፣ የመቀመጫውን ደረጃና የትኬቱን ብዛት ለይታችሁ ታመለክታላችሁ። ዕጣው ከወጣላችሁ ካርዳችሁ ወዲያው ይቆረጣል። ማንም «ትገዛለህ ወይስ ትተወዋለህ?» ብሎ አይጠይቃችሁም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀድሞ ለመጣ የሚሸጥበት የመጨረሻ ዙር ነው። ዕጣ የለም፤ ወረፋ ነው። ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅን ይጠይቃል።

በዕጣ ዙሮች ውስጥ ቀድሞ ማመልከት ምንም አይጠቅምም። በመጀመሪያው ደቂቃ የላከውም በመጨረሻው ቀን የላከውም እኩል ዕድል አላቸው። ስለዚህ በመክፈቻው ቀን ገጹ ሲንቀራፈፍ አትናደዱ፤ በሦስተኛው ቀን ተረጋግታችሁ ግቡ። የመዝጊያውን ሰዓት ግን ወደ ራሳችሁ ሰዓት ቀይራችሁ ጻፉ። የሚነገረው በአዘጋጁ ሰዓት ስለሆነ ልዩነቱ ቀን ሊያሳልፋችሁ ይችላል።

የትኛው ዙር ይሻላል? አንድን ቡድን ተከትላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ድልድሉ እስኪወጣ ጠብቁ። ከዚያ በፊት የምታውቁት ከተማውንና ቀኑን እንጂ ማን ከማን እንደሚጫወት አይደለም። «ማንም ይጫወት፣ እኔ ዓለም ዋንጫ ልይ» የምትሉ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሩ። ባልደረሳችሁ ዙር ተስፋ አትቁረጡ፤ በሚቀጥለው እንደገና ታመለክታላችሁ።

ሌላም በር አለ፦ የፌዴሬሽኖች ድርሻ። በ2026 በአንድ ጨዋታ የሚገናኙት ሁለት ቡድኖች ፌዴሬሽኖች እያንዳንዳቸው ለደጋፊዎቻቸው 8 በመቶ ትኬት ተመድቦላቸው ነበር። በዚህ በር የሚገባው ማን እንደሆነ የሚወስነው ፌዴሬሽኑ ነው። ብዙዎቹ የደጋፊ ማኅበር አባልነትን፣ ከሜዳ ውጭ የታዩ ጨዋታዎችን ብዛት ይቆጥራሉ። የምትደግፉት ቡድን ካለፈ ይህን ሳታዩ አትለፉ። ውድድሩ እንደዚህ ባለ ትኬት «ቡድኑ ካለፈ» የሚል ሁኔታ ካስቀመጠ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ተቆርጦ ቡድኑ ሲወድቅ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን አንብቡ። እስኪመለስ ድረስ ገንዘባችሁ ታስሮ ይቆያል።

የትኛውን ጨዋታ?

በ2026 በሦስተኛው ዙር ፊፋ የተቀበለው የትኬት ጥያቄ ከ500 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከሁሉም በላይ የተፈለገው ጨዋታ ፍጻሜው አልነበረም። ማያሚ ላይ ጁን መጨረሻ የተመደበው የኮሎምቢያና የፖርቱጋል የምድብ ጨዋታ ነበር። ብዙ ኮሎምቢያዊ የሚኖርባት ከተማ፣ የሮናልዶ ቡድን፣ የምድቡ መዝጊያ፣ ቅዳሜ። ሁሉም ተገጣጥሞ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ፉክክሩ የሚበዛው ስም ያለው ቡድንና ብዙ ደጋፊ ያለበት ከተማ ሲገናኙ ነው። ዕድል የሚሰፋው ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ በሳምንቱ መሃል የሚደረጉ፣ ሁለት መካከለኛ ቡድኖች የሚገናኙባቸው፣ የደጋፊያቸው አገር ከስታዲየሙ የራቀ ጨዋታዎች። እንደ እኔ እንደ እኔ የምድብ ጨዋታ ከጥሎ ማለፉ ይሻላል። ዋጋው ይቀንሳል፤ ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሙድም ደመቅ ያለ ነው፤ ገና ተስፋ የቆረጠ ቡድን የለም።

ካርታ ክፈቱ። የከተማው ስምና የስታዲየሙ ቦታ ሁልጊዜ አይገጥምም። በ2026 ፍጻሜው «ኒው ዮርክ ኒው ጀርሲ» ተብሎ ቢጻፍም ስታዲየሙ ያለው ኢስት ራዘርፎርድ፣ ኒው ጀርሲ ነው። የቦስተኑ ስታዲየም ፎክስቦሮ፣ የሳን ፍራንሲስኮው ሳንታ ክላራ፣ የዳላሱ አርሊንግተን ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ መሃል ሳንታ ክላራ ለመድረስ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከቫንኩቨር ማያሚ ደግሞ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውሮፕላን እንኳ የሙሉ ቀን ጉዞ። ሁለት ጨዋታ ስትመርጡ በመካከላቸው ያለው ቀን ለመጓዝም ለመተኛትም ይበቃል ወይ ብላችሁ ቁጠሩ። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ማመልከት የሚከለክሉ ውድድሮችም አሉ።

የመቀመጫ ደረጃ። ደረጃ 1 ውዱ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዋጋው ይቀንሳል፣ መቀመጫውም ይርቃል። የምትገዙት አካባቢውን እንጂ ወንበሩን አይደለም። የወንበር ቁጥር የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በአንድ ማመልከቻ የተጠየቁ ትኬቶች አጠገብ ለአጠገብ እንዲሆኑ ይሞከራል፤ በሁለት አካውንት የተገዙ ግን ሊራራቁ ይችላሉ። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የቤተሰቡን በአንድ ማመልከቻ አድርጉት። ለልጅም ትኬት ያስፈልጋል፤ እቅፍ ውስጥ ይቀመጣል ብላችሁ አትለፉት። አካል ጉዳት ላለባቸው ደግሞ የተለየ የትኬት ዓይነት አለ፤ ከመደበኛው ጋር አታደባልቁት፣ ማስረጃም ሊጠየቅ ይችላል።

ዋጋው ላይ ትንሽ ልቆይ። ኳታር በ2022 ለፍጻሜው ያስከፈለችው ትልቁ መደበኛ ዋጋ 1,600 ዶላር ገደማ ነበር። ለ2026ቱ ፊፋ መጀመሪያ የተናገረው ከ60 እስከ 6,730 ዶላር ነበር። ወደ 2025 መጨረሻ የፍጻሜው ደረጃ 1 ትኬት 8,680 ዶላር ደረሰ። ዋጋው እንደ ፈላጊው ብዛት የሚለዋወጥ ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ደጋፊዎች ማኅበር አምርሮ ተቃወመ። ፊፋም በዲሴምበር ለታማኝ ደጋፊዎች በፌዴሬሽኖች በኩል የሚሰጥ የ60 ዶላር ትኬት አወጣ፤ ብዛቱ ግን ትንሽ ነው። ዓይን ያወጣ ዋጋ ነው፣ ግን ሕጉ ይሄው ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር፦ ማስታወቂያ ላይ ያያችሁትን ትንሹን ዋጋ ይዛችሁ በጀት አታውጡ። ፎርሙ ላይ የሚታየውን ዋጋ ያዙ፤ በሌላ ዙር ሊለወጥ እንደሚችልም አስቡ።

ፎርሙን መሙላት

1. ግቡና የጨዋታዎቹን ዝርዝር ክፈቱ። አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ የጻፋችሁት ምርጫ ይኑር፤ ገጹ ላይ ቆማችሁ አትምረጡ። ሰዓት አልፎበት ሊያስወጣችሁ ይችላል።

2. ለእያንዳንዱ ጨዋታ ደረጃውንና ብዛቱን ሙሉ። አንዳንድ ፎርም «የመረጥኩት ከሌለ ሌላ ደረጃ እቀበላለሁ» የሚል ሳጥን አለው። ወደ ርካሹ ከሆነ ምልክት አድርጉ፤ ዕድል ያሰፋል። ወደ ውዱም የሚወስድ ከሆነ አስቡበት።

3. ድምሩን ተመልከቱ። ያመለከታችሁበት ጨዋታ ሁሉ ሊደርሳችሁ እንደሚችል አድርጋችሁ ደምሩ። «አሥር ላይ ባመለክት አንዱ ይደርሰኛል» የሚል ስሌት አለ። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ግን አራቱ ቢደርሱስ? ለአራቱም ይቆረጣል። ጠቅላላውን መክፈል የማትችሉ ከሆነ ዝርዝሩን አሳጥሩ።

4. አብረዋችሁ የሚገቡትን ሰዎች ስም ከጠየቀ ከፓስፖርታቸው ገልብጡ። ያልወሰነ ጓደኛ ስም አታስገቡ።

5. የካርዱን ቁጥር አስገቡ፣ ውሉን አንብቡ፣ ላኩ። ውሉ ረጅም ነው፤ ቢያንስ ስለ ገንዘብ ተመላሽ፣ ስለ ማስተላለፍና ስለ ድጋሚ ሽያጭ የሚለውን ፈልጋችሁ አንብቡ።

6. የማረጋገጫ ኢሜይል እስኪመጣ ከገጹ አትውጡ። ስክሪንሾት አንሱ። ኢሜይሉ ካልመጣ ስፓም ውስጥ እዩ። እዚያም ከሌለ ተመልሳችሁ ግቡና ማመልከቻው «ገብቷል» ይላል ወይስ «አልተጠናቀቀም» የሚለውን አረጋግጡ። ጋሪ ውስጥ የቀረ ምርጫ ማመልከቻ አይደለም።

መዝጊያው እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ ማስተካከል ወይም ማንሳት ይቻላል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በዚያ ጊዜ ውስጥ አድርጉት። ከመዝጊያው በኋላ ልመና አይሰማም።

ካርዱ

ዕጣ ደርሶት ትኬቱን የሚያጣ ሰው አለ፤ ካርዱ አልሠራ ብሎ። ሥርዓቱ ሂሳቡን ለመቁረጥ ይሞክራል፣ ባንኩ ይከለክላል፣ ትኬቱ ለሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ባንካችሁን አስቀድማችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ካርዱ በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት ይከፍላል ወይ? በቀን ወይም በአንድ ክፍያ ያለው ጣሪያ ስንት ነው? ድምሩ ከጣሪያው በላይ ከሆነ ማስነሳት ይቻላል ወይ? ማረጋገጫ ኮዱ በየትኛው ስልክ ነው የሚመጣው?

ካርዱ ውጤቱ ከሚወጣበት ወር በፊት የሚያበቃ መሆን የለበትም። ሦስተኛው የ2026 ዙር ጃንዋሪ ላይ ተዘግቶ ውጤቱ ፌብሩዋሪ ላይ ነው የተሰማው። በዚያ መሃል ገንዘቡ ሂሳቡ ላይ መቀመጥ አለበት። ትንሽ ጨመር አድርጉበት፤ የምንዛሪ ልዩነትና የባንክ ኮሚሽን አለ። ከሁሉ የሚሻለው ለዚሁ ብቻ የሚሆን ካርድ መያዝ ነው። የቤት ወጪ ከሚወጣበት ካርድ ጋር ከተደባለቀ በማታስቡት ቀን ሁለቱም ይጋጫሉ።

ካርዱ የሰው ከሆነ ባለቤቱ ያውቅ። ባንኩ ደውሎ ሲጠይቀው «እኔ አይደለሁም» ካለ አለቀ።

ውጤቱ ሲመጣ

ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከኢሜይሉ ቀድሞ ይቆረጣል። ስለዚህ የባንክ መልእክት ስታዩ አትደንግጡ፤ ወደ አካውንታችሁ ገብታችሁ የትኛው ጨዋታ እንደሆነ እዩ። በኢሜይል የመጣን ሊንክ ግን አትጫኑ። የውጤት ሰሞን አጭበርባሪው ብዙ ነው። «ዕጣ ደርሶዎታል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚህ ላይ ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ገጹን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። እውነት ከሆነ እዚያም ታገኙታላችሁ።

የደረሳችሁ የመግዣ ቀጠሮ ከሆነ ከሰዓቱ በፊት ግቡና ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ ይኑራችሁ። አንዴ ገጹ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ወደ ኋላ የሚለውን ቁልፍ አትንኩ፤ ገጹንም አታድሱ።

ካልደረሳችሁ ወደሚቀጥለው ዙር። ቀድሞ ለመጣ በሚሸጥበት ዙር ትኬት በአንድ ጊዜ ሁሉ አይለቀቅም። ሌሎች የመለሱት፣ ክፍያው የከሸፈበት፣ ስፖንሰሮች ያልተጠቀሙበት እየተጨመረ ይመጣል። «አልቋል» የሚለውን አንዴ አይቶ መተው አይገባም። እስከ ጨዋታው ቀን ድረስ እየገቡ ማየት ይጠቅማል።

ከሰው መግዛት

ሕጋዊው የድጋሚ ሽያጭ ገበያ እዚያው ዋናው ገጽ ላይ ነው ያለው። በ2026 ፊፋ ከሻጩም ከገዢውም 15 በመቶ ይወስድ ነበር። ዋጋውን ሻጩ ራሱ ስለሚያወጣ እጥፍ ድርብ ሆኖ ታዩታላችሁ። ኪስ ይጎዳል፣ ግን ትኬቱ እውነተኛ ነው፤ ወደ ስልካችሁ ይገባል። ጨዋታው ሲቃረብ ዋጋ የሚያወርዱም አሉ።

ከቴሌግራም፣ ከፌስቡክ፣ ከስታዲየም በር ላይ አትግዙ። ትኬቱ ዛሬ ወረቀት አይደለም፤ ስልክ ላይ ያለ ኮድ ነው። ፎቶው ቢላክላችሁም አይሠራም። አንዱን ፎቶ ለሃያ ሰው የሸጠ ሰው ሃያውንም በልቷል። ሻጩ ቅድሚያ ገንዘብ ላኩ ካላችሁ፣ «ዝውውሩን ጨዋታው ሲደርስ አደርጋለሁ» ካላችሁ፣ ላሽ በሉት። ሆስፒታሊቲ የሚባለው የምግብና የመስተንግዶ ጥቅል ደግሞ ያለ ዕጣ ይገዛል፤ ለ2026 ሕጋዊው ሻጭ ኦን ሎኬሽን ነበር። ገንዘብ ለማይቸግረው ሰው ነው።

የጨዋታው ቀን

መተግበሪያውን ከቤት ሳትወጡ ጫኑና ግቡበት። ስታዲየም አካባቢ ሰማንያ ሺህ ሰው አንድ ላይ ስልኩን ሲከፍት ኔትወርክ ይሞታል። የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በአገር ቤት ሲም ከሆነ ሲሙ ውጭ አገር መሥራቱን አጣሩ፤ አለበለዚያ መግባት አትችሉም። ለሌሎች የገዛችሁትን ትኬት ቀደም ብላችሁ ወደየስልካቸው አስተላልፉ። ሁሉም በአንድ ስልክ ላይ ከሆነ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም በር ላይ ይቆማል።

ቦርሳ አቅልሉ። ብዙ የአሜሪካ ስታዲየሞች ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ብቻ ነው የሚያሳልፉት። ቀደም ብላችሁም ድረሱ። በ2024 ማያሚ ላይ በኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ትኬት የሌላቸው ሰዎች በሩን ጥሰው በመግባታቸው ጨዋታው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ትኬት ይዘው ውጭ የቀሩም ነበሩ።

ፓስፖርቱን ወይም አዘጋጁ የሚቀበለውን መታወቂያ ያዙ። የማመልከቻ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከስልኩ ለይታችሁ አስቀምጡ። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢሞት በሩ ላይ ካለው ጠባቂ ጋር አትከራከሩ። እሱ ኮዱን ከማንበብ ሌላ ምንም ማድረግ አይችልም። የትኬት ችግር የሚፈታበትን ቦታ ጠይቁና ፓስፖርቱንና ቁጥሩን ይዛችሁ ወደዚያ ሂዱ።